ማስላት የማያስፈልገንን ማወቅ፦ የሆሎግራም ቪዲዮ ስሌትን ስለ ማፋጠን

በፋኩልቲው ሕዝባዊ ሌክቸር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



ንግግሬን በአንድ ስሕተቴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጥታ የመመረቂያ ጥናቷን በኮምፒውተር በሚሰላ ሆሎግራም ላይ ለመሥራት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። የጥናት ሐሳቧን በሁለት ገጽ ጽፋ ይዛ ነበር። እኔ ግን ወረቀቱን እንኳ ሳላገላብጥ፣ «ለዚህ ሥራ የሚሆን ማሽን የለንም፤ ሌላ ርእስ ፈልጊ» አልኳት። ሌላ ርእስ ፈለገች፤ በጥሩ ውጤትም ተመረቀች። ምክሬ ግን ስሕተት ነበር። ለምን ስሕተት እንደነበረ በቁጥር ማስረዳት ይቻላል። የዛሬው ንግግሬም ያን ቀን ልሰጣት ይገባኝ የነበረው መልስ ነው።

ሆሎግራም ምንድን ነው?

አስቀድመን ቃሉን እናጥራ። በሕይወት የሌለ ድምፃዊ በመድረክ ላይ «በሆሎግራም» ዘፈነ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እንዲህ ያለው ትርኢት አብዛኛውን ጊዜ ሆሎግራም አይደለም፤ ዘንበል ብሎ በተዘረጋ ስስና ግልጽ መጋረጃ ላይ የተንጸባረቀ ጠፍጣፋ ምስል ነው። በመነጽር የሚታየው ባለ ሦስት አውታር ሲኒማም ቢሆን ለሁለቱ ዓይኖቻችን ሁለት የተለያዩ ጠፍጣፋ ምስሎችን ከማቅረብ አያልፍም። ዓይኖቻችን ቀርቦ ወደሚታየው ነገር ያቀናሉ፤ የዓይናችን ሌንስ ግን ስክሪኑ ባለበት ርቀት ላይ ማተኮሩን አይተውም። ብዙ ሰው ከእንዲህ ዓይነት ፊልም በኋላ ዓይኑን የሚደክመው ወይም ራሱን የሚያመው አንዱ ምክንያት ይህ አለመጣጣም ነው።

እውነተኛ ሆሎግራም ከዚህ የተለየ ነው። ፎቶግራፍ ወደ እያንዳንዱ ነጥብ የደረሰውን የብርሃን መጠን ብቻ ይመዘግባል። ብርሃን ግን ሞገድ ነው፤ ሞገድ ደግሞ ከብርታቱ ሌላ በዑደቱ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚገኝ፣ ማለትም ከፍታው ላይ ይሁን ዝቅታው ላይ፣ የሚናገር ሁለተኛ መረጃ አለው። ይህን መረጃ «ፌዝ» እንለዋለን። በአማርኛችን ከምናውቀው ፌዝ ጋር እንዳይምታታባችሁ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች «ስሪ ፌዝ» ሲሉ የምትሰሙት ፌዝ ነው። ብርሃኑ ከየትኛው አቅጣጫና ከምን ያህል ርቀት እንደመጣ የሚነግረን እርሱ ነው።

የሃንጋሪ ተወላጁ ዴኒስ ጋቦር በእንግሊዝ አገር የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕን ምስል ለማሻሻል ሲጥር ይህን የጠፋ መረጃ መልሶ የሚያገኝበትን ዘዴ አስቦ እ.ኤ.አ. በ1948 አሳተመ። ዘዴው ከዕቃው የሚመጣውን ሞገድ ከሌላ የታወቀ ሞገድ ጋር ማደራረብና ሁለቱ ሲደራረቡ የሚፈጥሩትን የብሩህና የጨለማ መስመሮች ጥልፍ መመዝገብ ነው። በጥልፉ ላይ መልሶ ብርሃን ሲበራበት ዕቃው ከቦታው ቢነሣም ከዕቃው ይመጣ የነበረው ሞገድ እንደገና ይፈጠራል። ሌዘር እ.ኤ.አ. በ1960 ከተሠራ በኋላ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ኤሜት ሊዝና ዩሪስ ኡፓትኒክስ እ.ኤ.አ. በ1964 ጥልቀት ያላቸውን ዕቃዎች በጥራት አሳዩ። ጋቦርም እ.ኤ.አ. በ1971 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

የዛሬው ርእሳችን የሚነሣው ግን እ.ኤ.አ. ከ1966 ነው። በዚያ ዓመት ብራውንና ሎማን ጥልፉን በኮምፒውተር አስልተው አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ ዕቃው በእውን መኖሩ ግዴታ መሆኑ ቀረ። የዕቃውን ቅርጽ በቁጥር ካወቅን ከእርሱ ሊመጣ የሚችለውን ሞገድ አስልተን ማውጣት እንችላለን። ጥልፉን በሴኮንድ 30 ወይም 60 ጊዜ እየቀያየርን በልዩ ስክሪን ላይ ብናሳየው ደግሞ ያለ መነጽር የሚታይ፣ ዓይን በተፈጥሮው የሚያተኩርበት ባለ ሦስት አውታር ቪዲዮ እናገኛለን። «ብናሳየው» ማለት ቀላል ነው፤ ችግሩ ስሌቱ ነው።

የስሌቱ ክብደት

ዕቃውን በብዙ የብርሃን ነጥቦች እንደተሠራ አድርገን እናስብ። ከእያንዳንዱ ነጥብ ድንጋይ በተወረወረበት ኩሬ ላይ እንደሚታየው ክብ ሞገድ ይሰራጫል። የሆሎግራሙ እያንዳንዱ ፒክስል ከሁሉም ነጥቦች የሚደርስበትን ሞገድ ይደምራል። ለእያንዳንዱ የነጥብና የፒክስል ጥንድ ርቀቱን በስኩዌር ሩት፣ ፌዙን ደግሞ በኮሳይን እናሰላለን።

ዕቃው 10,000 ነጥቦች ቢኖሩትና ስክሪኑ 1,920 በ1,080 ፒክስል ቢሆን፣ ለአንዲት ምስል ብቻ ከ20 ቢሊዮን በላይ ጥንዶችን ማስላት አለብን። በሴኮንድ 30 ምስል በሦስት ቀለም ስንል ወደ 1.9 ትሪሊዮን እንጠጋለን። እነዚህ ተራ መደመሮች እንዳልሆኑ ልብ በሉ፤ እያንዳንዳቸው ስኩዌር ሩትና ኮሳይን ያለባቸው ናቸው። 10,000 ነጥብም ቢሆን ለአንድ ሰው ፊት እንኳ የሚበቃ አይደለም።

ይህን ቁጥር የሚያይ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ «ታላቅ ማሽን ያስፈልጋል» የሚል ነው። የእኔም ሐሳብ ይኸው ነበር።

ስሕተትን ሳሰላ ያደርኩባት ሌሊት

በውጭ አገር የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ 200,000 ነጥቦች ያሉትን ዕቃ ወደ አንድ ሚሊዮን ያህል ፒክስል ባለው ሆሎግራም የሚለውጥ ፕሮግራም ጻፍኩ። አመሻሽ ላይ አስነሣዋለሁ፤ የሚያበቃው በማግስቱ ረፋድ ነው። ከሆሎግራሙ ምስሉን መልሼ ሳወጣ ዕቃው ይታያል፤ በዙሪያው ግን የዕቃው ደብዛዛ ቅጂዎች እንደ ጥላ ይወጣሉ። ጥፋቱን በማሽኑ ላይ አደረግሁና የቁጥሮቹን ትክክለኛነት ከፍ አድርጌ ስሌቱን ይበልጥ አዘገየሁት። ጥላዎቹ ግን አልጠፉም።

አማካሪዬ ወረቀቴን ካዩ በኋላ ያቀረቡልኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «ከዚህ ነጥብ የሚነሣ ብርሃን እዚህ ፒክስል ላይ ሊመዘገብ ይችላል?»

ሊመዘገብ አይችልም። ስክሪኑ ብርሃንን የሚያጥፍበት ትልቁ ማዕዘን በፒክስሉ ስፋት ይወሰናል። የማዕዘኑ ሳይን የሞገዱ ርዝመት ለፒክስሉ ስፋት እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ለ532 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃንና ለ8 ማይክሮሜትር ፒክስል ማዕዘኑ 1.9 ዲግሪ ብቻ ነው። ከዚህ ማዕዘን ውጭ የሚመጣ ሞገድ ጥልፉ ከፒክስሎቹ ይልቅ ስለሚደቅቅ በሐሰት ይመዘገባል። በፊልም ላይ የመኪና ጎማ ወደ ኋላ የሚዞር መስሎ የሚታየን በተመሳሳይ ምክንያት ነው። የእኔ ዕቃ ከሆሎግራሙ በ5 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ስለነበር፣ የእያንዳንዱ ነጥብ ብርሃን በትክክል ሊመዘገብ የሚችለው ራዲየሱ ወደ 208 ፒክስል በሆነ ክብ ውስጥ ነበር። ይህ የሆሎግራሙ 13 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ካሰላሁት ከስምንት እጅ ሰባቱ የማያስፈልግ ስሌት ነበር። ጥላዎቹን ያመጡትም እነዚያው ሰባቱ እጆች ነበሩ።

ክቡን በፕሮግራሙ ውስጥ ስጨምር ስሌቱ በስምንት እጥፍ ገደማ ፈጠነ፤ ምስሉም ጠራ። ማሽኑ ግን ያው ማሽን ነበር። የዘርፉን የ60 ዓመት ታሪክ ስመለከትም ታላላቆቹ መፋጠኖች በአብዛኛው የመጡት «ምንን ማስላት አያስፈልገንም?» ከሚል ጥያቄ እንደሆነ አያለሁ። ለዚህ ጥያቄ ሦስት ዋና ዋና መልሶች ተሰጥተዋል።

አንደኛ፦ የማይደርስበትን አለማስላት

እ.ኤ.አ. በ2009 ሺሞባባ፣ ማሱዳና ኢቶ የተባሉ የጃፓን ተመራማሪዎች አሁን የነገርኳችሁን ክብ ወደ ትልቅ ዘዴ አሳደጉት። ነጥቡ ወደ ሆሎግራሙ በቀረበ ቁጥር ክቡ ይጠባል። ታዲያ በዕቃው አጠገብ የሐሳብ ገጽ ብናቆም ምን ይሆናል? ገጹ ከነጥቡ 5 ሚሊሜትር ቢርቅ የክቡ ራዲየስ 21 ፒክስል ያህል ይሆናል፤ በውስጡ የሚገኙት ፒክስሎች 1,400 ገደማ ናቸው። ከሁለት ሚሊዮን ፒክስል ይልቅ 1,400 ማለት ነው። ሁሉም ነጥቦች በዚህ ገጽ ላይ ከተደመሩ በኋላ ሞገዱ ከገጹ ወደ እውነተኛው ሆሎግራም በአንድ ጊዜ ይሸጋገራል።

ይህን የመጨረሻ ጉዞ ርካሽ ያደረገው ኩሊና ቱኪ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት ፈጣን ፉሪየር ትራንስፎርም ነው። የሁለት ሚሊዮን ፒክስል ገጽን በቀጥታ ለማሸጋገር የፒክስሎቹን ቁጥር በራሱ ማባዛት ያስፈልጋል፤ በኩሊና ቱኪ መንገድ ግን የፒክስሎቹን ቁጥር በ21 ማባዛት ይበቃል። ልዩነቱ ወደ 100,000 እጥፍ ይደርሳል። ነገሩ ገበሬው ሁሉ እህሉን በየራሱ አህያ እሩቅ ከተማ ድረስ ከሚጭን ይልቅ በቅርብ ወዳለው የማኅበር መጋዘን አድርሶ ከዚያ በአንድ የጭነት መኪና እንደሚላክለት ነው።

ሁለተኛ፦ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ አለማስላት

ድንጋዩ ከኩሬው በየትኛውም በኩል ቢወድቅ የክቦቹ ቅርጽ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ቦታቸው ነው። በኤም አይ ቲ የሚዲያ ላብራቶሪ ማርክ ሉሴንቴ እ.ኤ.አ. በ1993 የነጥቦችን ጥልፍ አስቀድሞ አስልቶ በማጣቀሻ ሠንጠረዥ ውስጥ በማስቀመጥ፣ በኋላ እያነሡ የመደመርን ዘዴ አቀረበ። ሠንጠረዡ ግን ብዙ የማስታወሻ ቦታ ይፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ለእያንዳንዱ ጥልቀት አንድ ጥልፍ ብቻ አስቀምጠው ወደ ጎንና ወደ ላይ በማንሸራተት ሠንጠረዡን እጅግ አሳነሱት።

ከዚህ ወገን እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ግን የኮሳይን ውስጡን ቁጥር በመደመር ብቻ የማግኘት ዘዴ ነው። 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25 የሚሉትን ካሬ ቁጥሮች ተመልከቱ። ልዩነታቸው 3፣ 5፣ 7፣ 9 ነው፤ የልዩነቶቹ ልዩነት ደግሞ ሁልጊዜ 2 ነው። ስለዚህ ካሬዎችን ያለ ማባዛት፣ በሁለት መደመር ብቻ እየተከታተሉ ማውጣት ይቻላል። በተለመደው ግምታዊ ቀመር የሞገዱ ፌዝ የርቀት ካሬ ስለሆነ፣ ከአንዱ ፒክስል ወደ ጎረቤቱ ስንሄድ ስኩዌር ሩቱም ማባዛቱም ቀርቶ ሁለት መደመሮች ይበቁናል። መደመር ደግሞ በቺፕ ላይ ትንሽ ቦታ ስለሚይዝ በአንድ ቺፕ ብዙ ደማሪዎችን ጎን ለጎን ማሰለፍ ይቻላል። የቺባ ዩኒቨርሲቲው ቶሞዮሺ ኢቶና ባልደረቦቹ ከ1990ዎቹ አንሥቶ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሠሯቸው «ሆርን» የተሰኙ ኮምፒውተሮች እንዲህ ያለውን ዘዴ በሚገባ ተጠቅመውበታል፤ ስምንተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ሆኗል። ሥሩ ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምናስተምረው የቁጥር ቅደም ተከተል ነው።

ሦስተኛ፦ ዓይን የማያየውን አለማስላት

ዓይኖቻችን የተቀመጡት ጎን ለጎን ነው። ከላይ ወደ ታች የሚገኘውን የእይታ ለውጥ ብናጣ ጥልቀት መታየቱን አያቆምም። የስቲቨን ቤንተን ቡድን በኤም አይ ቲ በሠራቸው የመጀመሪያ የሆሎግራም ቪዲዮ መሣሪያዎች ይህን የቁመት መረጃ ሙሉ በሙሉ ተወው። ከመሣሪያዎቹ አንዱ በአግድሞሽ 262,144 ናሙናዎች ሲኖሩት በቁመት የነበሩት መስመሮች 144 ብቻ ነበሩ።

ቅርብ ጊዜ የመጣው የሰው ሠራሽ ነርቭ መረብ መንገድም ከእነዚህ መልሶች ጋር ይዛመዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ሥራ 4,000 ጥንድ ምስሎችንና ሆሎግራሞችን ለመረቡ አስተምረው፣ 1,920 በ1,080 ፒክስል የሆነ ባለ ቀለም ሆሎግራም በአንድ የገበያ ግራፊክስ ካርድ በሴኮንድ 60 ጊዜ ማውጣት ቻሉ። የመረቡ መጠን ከ620 ኪሎባይት በታች ነው፤ በእጃችን ባለው ስልክ ከምናነሣው ከአንድ ፎቶግራፍ ያንሳል። መረቡ የተማረባቸው 4,000 ሆሎግራሞች ግን በፊዚክስ ስሌት የተዘጋጁ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። መምህሩ ከተሳሳተ ተማሪው ስሕተቱን በፍጥነት ይደግመዋል።

የፍጥነት ዋጋ

ለባልደረቦቼ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እያንዳንዱ ዘዴ የሚተወው ነገር አለ። የማጣቀሻ ሠንጠረዥ ጥልቀቱን በደረጃ ይከፋፍለዋል፤ የመደመሩ ዘዴ ግምታዊ ቀመር ስለሚጠቀም በጣም ቅርብ ለሆነ ዕቃ ይሳሳታል፤ የቁመቱን መረጃ የተወ ሰው ተመልካቹ አንገቱን ቀና ሲያደርግ ምስሉ አብሮ እንደማይለወጥ መቀበል አለበት። ስለዚህ «በሺህ እጥፍ አፋጠንን» የሚል ጽሑፍ ሲቀርብልን ሁለት ጥያቄዎችን እንጠይቅ፦ የተነጻጸረው ከምን ጋር ነው? የተጣለውስ ምንድን ነው? የእኔን የዚያች ሌሊት ፕሮግራም መነሻ አድርጎ የሚነጻጸር ሰው ምንም ሳይደክም ስምንት እጥፍ ሊኮራ ይችላል።

ችግሩ በሙሉ ተፈትቷል ማለቴም አይደለም። በ60 ዲግሪ ማዕዘን ውስጥ የሚታይ ሆሎግራም ፒክስሉ 532 ናኖሜትር ያህል መድቀቅ አለበት። 10 በ10 ሴንቲሜትር ለሆነ መስኮት ይህ ማለት 35 ቢሊዮን ፒክስል ነው፤ ዛሬ በምሳሌዬ ከተጠቀምኩበት ስክሪን 17,000 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ይህን ያህል ፒክስል በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚያድስ ስክሪን ከተገኘ እንኳ ስሌቱን እንደገና ከሥሩ ማሰብ ይጠበቅብናል። ማሽንም ያስፈልጋል፤ አልክድም። ነገር ግን ለጥያቄው የሚሆን ቦታ ገና ብዙ ነው።

ያልተነበበው ገጽ

ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ለዚያች ተማሪ ጽፌ ያን የጥናት ሐሳብ እንድትልክልኝ ጠየቅኋት። ላከችልኝ። በሁለተኛው ገጽ ላይ «የእያንዳንዱን ነጥብ ሞገድ ብርሃኑ በሚደርስበት ክልል ብቻ በማስላት በተራ ኮምፒውተር መሥራት ይቻል እንደሆነ እመረምራለሁ» ይላል። አማካሪዬ እኔን ከሌሊት ድካም በኋላ ያስተማሩኝን እርሷ በራሷ ደርሳበት ነበር። የለንም ያልኳትን ማሽን እርሷ አልጠየቀችኝም።

ስለዚህ ዛሬ ለምትጀምሩ ተማሪዎች ያን ቀን ያልተናገርኩትን ልናገር። በእጃችሁ ባለው ላፕቶፕ 512 በ512 ፒክስል የሆነ ሆሎግራምና 1,000 ነጥቦች ያሉት ዕቃ ውሰዱ። ስሌቱ 262 ሚሊዮን ጥንድ ነው፤ ምሳ በልታችሁ ሳትመለሱ ያልቃል። በመጀመሪያ ሁሉንም አስሉ፤ ያ የማነጻጸሪያ መሠረታችሁ ነው። ቀጥሎ ክቡን ጨምሩ፤ ከዚያ ሠንጠረዡን፣ ከዚያ የሐሳብ ገጹን። በየደረጃው የፈጀውን ጊዜና ከመሠረቱ ጋር ያለውን ልዩነት በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን መዝግቡ። መሠረቱ ራሱ የተሳሳተ ሆኖ ካገኛችሁትም አትደንግጡ፤ እኔ የተማርኩት ከዚያ ነው። የምትፈልጓቸው ሶፍትዌሮች ሁሉ በነፃ የሚገኙ ናቸው።

ለእኛ ለመምህራን ደግሞ የምለው አጭር ነው። «የለንም» ከማለታችን በፊት የቀረበልንን ወረቀት እስከ መጨረሻው እናንብብ።

በዚህ ርእስ ላይ ለመሥራት ለምታስቡ ሁሉ የቢሮዬ በር ክፍት ነው፤ ሁለት ገጻችሁን ይዛችሁ ኑ።  አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እናልፋለን።